20 ቀዳዳ ወደዱልን፣ 10 ሺህ ስንልክ መለሱብን። ሌዘሩ ነው ወይስ እኛ?

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ስራዬ በአንድ የምርምር ቡድን ውስጥ በሌዘር ጥቃቅን ነገሮችን መስራት ነው። አብሮን የሚሰራ አንድ ኩባንያ አለ። የጠየቁን ሲሰሙት ቀላል ነው። ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር በሆነ የስቴንለስ ስቲል ዝርግ ላይ 50 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቀዳዳዎች መብሳት። ከፀጉር ቀጠን ያሉ ማለት ነው። ሌዘራችን የሞገድ ርዝመቱ 1030 ናኖ ሜትር፣ ፐልሱ፣ ማለትም እያንዳንዱ የብርሃን ምት፣ 300 ፌምቶ ሰከንድ ነው፤ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው። በሰከንድ 200 ሺህ ፐልስ ይተኩሳል፤ አማካይ ኃይሉ 10 ዋት። ጨረሩን በጋልቮ ስካነር፣ ማለትም በሚወዛወዙ ትናንሽ መስታወቶች፣ እያሽከረከርን እንበሳለን።

መጀመሪያ 20 ቀዳዳ ላክን። በጣም ወደዱት። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሳነውን ፎቶ በስብሰባቸው ላይ ሳይቀር አሳይተውታል። ከዚያ «እንግዲያው 10 ሺህ ያለበት አንድ ዝርግ ላኩልን» አሉ። 50 በ50 ሚሊ ሜትር ቦታ ላይ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ርቀት። አንዱ ቀዳዳ 4 ሰከንድ ይፈጃል። አስሉት፣ 11 ሰዓት ነው። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰራ አደረ።

ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ። አልተቀበሉትም። ሦስት ነገር ጽፈዋል። ቀዳዳው በመውጫው በኩል ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ከመጨረሻዎቹ ይሰፋሉ። 4 ሰከንድ ደግሞ አይታሰብም፣ ከ1 ሰከንድ በታች መሆን አለበት።

አለቃዬ «ሌዘሩ ደካማ ነው፣ 50 ዋት እንግዛ» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የፐልስ_ጌታ፦
ወንድሜ አለቃህን ስማው። በ10 ዋት የትም አትደርስም። ኃይል ጨምር፣ ፍጥነቱ ይመጣል። አለቀ።

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
እህት ነኝ። ለምክሩ አመሰግናለሁ፤ ግን ኃይል መጨመር ሞላላውን እንዴት ክብ ያደርገዋል?

የፐልስ_ጌታ፦
ይቅርታ እህቴ። ያወራሁት ስለ ፍጥነቱ ነው። የሞላላው ነገር ለእኔም አልገባኝም።

ጋሽ_ሌንስ፦
ሦስት በሽታ በአንድ ደብዳቤ ሲመጣ ሰው አንድ መድኃኒት ይፈልጋል። እዚህ ግን ሦስቱ የሚገናኙ አይመስለኝም።

ልጄ፣ እስኪ ይህን ንገሪኝ። የሞላላው ረዥም ጎን በሁሉም ቀዳዳ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው? መሃል ያሉትና ዳር ያሉት አንድ ዓይነት ናቸው? 10 ሺዎቹንስ በምን ቅደም ተከተል በሳሻቸው?

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ማይክሮስኮፑ ስር አድርጌ አየሁት። መሃል ያሉት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ሞላላ የሆኑት። ዳር ዳሩ ላይ ተጨማሪ ጉድ አለ። ቀዳዳው ራሱ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይመስላል፤ መግቢያና መውጫው አይገጥሙም። የበሳነው በረድፍ ነው። ከላይ ከግራ ጀምረን ታች ቀኝ ላይ ጨረስን።

ጋሽ_ሌንስ፦
እንደጠረጠርኩት ነው።

ሞላላው የመጣው ከፖላራይዜሽን ነው። ከሌዘሩ የሚወጣው ብርሃን የሚወዛወዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ላይ ላዩን ስትፍቂ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅሽም። ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ግን ብርሃኑ ግድግዳውን የሚነካው ተኝቶ፣ ታክኮ ነው። ከፊሉ ይዋጣል፣ ከፊሉ ነጥሮ ወደ ታች ይወርዳል። ስንቱ እንደሚዋጥ የሚወስነው ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ነው የሚወዛወዘው ወይስ ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን የሚለው ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ግድግዳዎች ብዙ ሲውጡ ሌሎቹ ሁለቱ ብዙውን ያንጸባርቃሉ። መግቢያው ክብ ሆኖ መውጫው የሚዛባው ለዚህ ነው። ኳርተር ዌቭ ፕሌት የምትባል አንዲት ስስ ክሪስታል አለች። በ45 ዲግሪ አዙረሽ ጨረሩ መንገድ ላይ ታስገቢያታለሽ። ከዚያ በኋላ ውዝዋዜው እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ አንዱን ግድግዳ ከሌላው አይመርጥም። ከ50 ዋት ሌዘር አጠገብ ስትቀመጥ ወጪም አትባልም።

የዳሩ ዝንባሌ የሌንሱ ስራ ነው። ከስካነሩ ስር ጨረሩን ዝርጉ ላይ የሚሰበስበው ሌንስ ተራ ኤፍ ቴታ ከሆነ ጨረሩ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወደ ዳር ሲሄድ ግን እየገደደ ይመታል። ስስ ፊልም ላይ ብትሰሪ ማንም አያውቅብሽም። ውፍረቱ 300 ማይክሮ ሜትር ሲሆን ግን 5 ዲግሪ ቢገድ እንኳ መውጫው በ26 ማይክሮ ሜትር ይሸሻል። የቀዳዳሽን ግማሽ ማለት ነው። ወይ ዳርም ላይ ጨረሩን ቀጥ አድርጎ የሚያወርድ ቴሌሴንትሪክ ሌንስ ፈልጊ፣ ወይ የስካነሩን መሃል ብቻ ተጠቅመሽ ዝርጉን በጠረጴዛው አንቀሳቅሺው።

ሦስተኛው ላይ ግን ማስረጃውን ያጠፋሽው አንቺው ራስሽ ነሽ። አትቀየሚኝ። በረድፍ ስለበሳሽ ቦታና ሰዓት ተያይዘው ሄዱ። የታችኛው ረድፍ የጠበበው ታች ስለሆነ ነው ወይስ ንጋት ላይ ስለተበሳ? አሁን ማንም ሊለየው አይችልም። ቅደም ተከተሉን ኮምፒውተሩ በዕጣ ያውጣና ድገሚው። መጥበቡ ከቦታው ጋር ከሄደ ኦፕቲክሱን ትጠይቂያለሽ። ከሰዓቱ ጋር ከሄደ ሌላ ሌባ አለ።

ገና_ጀማሪ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ሌዘር ብረት የሚቆርጠው አቅልጦ አይደለም እንዴ? ፌምቶ ሰከንዱ ለምን አስፈለገ?

ብርሃን_ቆጣሪ፦
ምን ጣልቃ ነው ጀማሪው፣ ዋናውን ነው የጠየቅኸው።

ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ300 ፌምቶ ሰከንድ ውስጥ ግን 90 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ከዚህ ሌዘር የሚወጣውን እያንዳንዱን ፐልስ እንደ ረዥም ጨረር አታስበው። ከወረቀት የማይወፍር፣ እየበረረ የሚሄድ የብርሃን ቅጠል ነው።

ብረቱ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱን መጀመሪያ የሚቀበሉት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ለአተሞቹ እስኪያስረክቡ ጥቂት ፒኮ ሰከንዶች ይፈጃል። አንድ ፒኮ ሰከንድ 1000 ፌምቶ ሰከንድ ነው። አተሞቹ ወሬውን ሲሰሙ እንግዲህ ፐልሱ ካለፈ ቆይቷል። የተመታው ስስ ንጣፍ ቀልጦ ለመፍሰስ ጊዜ ሳያገኝ ተበትኖ ይነሳል። አንተ የምታውቀው የናኖ ሰከንድ ሌዘር ሲሆን ግን ፐልሱ ገና እየወረደ ሳለ ሙቀቱ ወደ ጎን ይሰራጫል። ብረቱ ይቀልጣል፣ ጠርዙ ላይ ተመልሶ ይረጋል፣ ቀዳዳህ ከንፈር ያወጣል።

ችግሩ እንዲህ አጭርና ብርቱ ፐልስ ራሱን የሚያጎለብተውን ክሪስታል ይሰብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መላ አገኙ። ፐልሱን መጀመሪያ በጊዜ ትለጥጠዋለህ፣ ያኔ ለስላሳ ይሆናል። ለስላሳ ሳለ ታጎለብተዋለህ። መጨረሻ ላይ መልሰህ ትጨምቀዋለህ። ለዚህ በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። ስትሪክላንድ ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥላ በፊዚክስ ኖቤል ያገኘች ሦስተኛዋ ሴት ናት። ይህን ያነሳሁት ከላይ «ወንድሜ» ተብሎ ለተጀመረው ነው።

የፐልስ_ጌታ፦
ይቅርታ ጠይቄያለሁ እኮ!

ጠርጣራው፦
ሁላችሁም እንዲህ ያለውን ስራ «ናኖ ቴክኖሎጂ» የምትሉት ነገር አይገባኝም። 50 ማይክሮ ሜትር እኮ 50 ሺህ ናኖ ሜትር ነው። ለገንዘብ ማመልከቻ ላይ ናኖ የምትለዋን ቃል መለጠፍ ደስ ስለሚል ብቻ ነው።

ብርሃን_ቆጣሪ፦
ማመልከቻው ላይ ያልከው እውነት አለው፤ አልከራከርህም። «ናኖ ቴክኖሎጂ» የሚለውን ቃልም መጀመሪያ የተጠቀመው ኖሪዮ ታኒጉቺ የምርት መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጣው ያሰበው ቁሳቁስን በጣም በረቀቀ ልክ መስራትን ነው። ያኔም የወርክሾፕ ቃል ነበር።

ግን የቀዳዳዋን ግድግዳ አጉልተህ እየው። ጥቃቅን ሽንትሮች ተደርድረው ታያለህ፤ የታረሰ መሬት ይመስላሉ። ማንም አላረሳቸውም። ብርሃኑ ከገጹ ጋር ሲገናኝ ራሱ ነው የሚሰራቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ወይም ከዚያ ያነሰ፣ በመቶዎች ናኖ ሜትር የሚቆጠር ነው። በርንባውም የተባለ ተመራማሪ በ1965 በሩቢ ሌዘር በተመቱ ሴሚኮንዳክተሮች ላይ አይቷቸዋል። ዛሬ ሰዎች ሆን ብለው ይሰሯቸዋል። ውሃ የማይጨብጠው ወይም ውሃ የሚስብ ገጽ፣ ያለ ቀለም የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣል።

ከዚያ በታች መውረድ ከፈለግህ ደግሞ የሁለት ፎቶን መንገድ አለ። በብርሃን የሚጠነክር ሬዚን የሚባል ፈሳሽ አለ፤ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ሲመጣ ዝም ይላል። ሁለት ፎቶን በአንድ ጊዜ ሲውጥ ነው የሚጠነክረው። ያ የሚሆነው ብርሃኑ እጅግ በታጨቀበት በትኩረቱ ነጥብ እምብርት ብቻ ነው። አንድ ሞለኪውል ሁለት ፎቶን በአንዴ ሊውጥ እንደሚችል ያቺው ጎፐርት ማየር በ1931 በስሌት ተንብያለች፤ ሌዘር ራሱ ከመሰራቱ 29 ዓመት በፊት። በ2001 ጃፓን ውስጥ የእነ ካዋታ ቡድን በዚህ መንገድ 10 ማይክሮ ሜትር ርዝመት፣ 7 ማይክሮ ሜትር ቁመት ያለው በሬ ሰራ። ለይተው ሊሰሩት የቻሉት ትንሹ ዝርዝር 120 ናኖ ሜትር ነበር። ያ በሬ ቀንድም ጅራትም አለው። ናኖ የሚለውን ቃል በሬው ላይ ብትነፍገው ቅር ይለኛል።

ጠርጣራው፦
በሬውን ተቀብያለሁ። ቀዳዳውን ገና።

ፋብሪካ_ወለል፦
እኔ ከማዶኛው ወገን ነኝ። ምርት መስመር ላይ ነው የምሰራው፤ እንዲህ ያሉ ናሙናዎችን የምቀበልና የምመልስ ሰው ነኝ። አንዳንዴ ተመራማሪዎች ይቀየሙኛል።

እህቴ፣ 20 ቀዳዳ ሲመጣልን የምናየው «ይቻላል ወይ?» የሚለውን ነው። 10 ሺህ ስንጠይቅ ግን «ሁልጊዜ ይቻላል ወይ?» እያልን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የለውም ማለት ይቀላል። እስኪ አስቢው። 10 ሺህ ቀዳዳ ባለበት ዝርግ ላይ አንድ መጥፎ ቀዳዳ ዝርጉን በሙሉ ያስጥላል እንበል። እያንዳንዱ ቀዳዳ በ99.9 በመቶ የሚሳካ ከሆነ ደስ ይላል አይደል? ከ100 ሺህ ዝርግ ንጹህ ሆኖ የሚወጣው 5 እንኳ አይሞላም። ከ10 ሺህ ቀዳዳ በአማካይ አንድ ብቻ የሚበላሽ ቢሆን እንኳ ንጹህ የሚሆነው ከ100 ዝርግ 37 ገደማ ነው።

ለዚህ ነው ሲፒኬ የምትባለዋን ቁጥር እየደጋገምን የምንጠይቀው፤ ውጤቱ ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ምን ያህል በምቾት እንደሚያድር የምትናገር ናት። ብዙ ቦታ 1.33 ዝቅተኛው ነው። ለምሳሌ የተፈቀደልሽ ልዩነት ከ50 ማይክሮ ሜትር ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ነው እንበል። አማካዩ ልክ 50 ላይ ቢቀመጥ እንኳ የቀዳዳዎቹ መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ከግማሽ ማይክሮ ሜትር መብለጥ የለበትም። ቆንጆ ፎቶ ይህን አይነግረኝም። ጋለሪ አይደለም የምንከፍተው።

በጣም የሚገርመኝን አንድ ምሳሌ ልጨምር። አዳዲሶቹ ቺፖች የሚታተሙበት 13.5 ናኖ ሜትር ብርሃን የሚፈጠረው የቆርቆሮ ጠብታን በሌዘር በመምታት ነው። ሰው ሁሉ 13.5ን ያደንቃል። እኔን የሚያስደምመኝ ጠብታዎቹ በሰከንድ 50 ሺህ ጊዜ መመታታቸው ነው፤ እያንዳንዷ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ተመትታ ትጠፈጠፋለች፣ ቀጥሎ ወደ ፕላዝማ ትለወጣለች። ቀንም ሌሊትም። ምርምሩ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው፤ በዚህ የተሰሩ ቺፖች በብዛት ገበያ የገቡት ግን በ2019 አካባቢ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ የት ሄደ ካላችሁኝ አብዛኛው የሄደው «ሁልጊዜ» ላይ ነው።

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
የ37ቱን ስሌት አለቃዬ አየው። ለአምስት ደቂቃ ዝም አለ።

ዝምተኛው፦
ውሉ ላይ የምስጢር አንቀጽ የለባችሁም? ይህን ሁሉ ቁጥር እዚህ መጻፍሽ አሳሰበኝ።

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
አለብን። ቀዳዳው ለምን እንደሚያገለግል አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። መጠኖቹንም ነካክቻቸዋለሁ። ግን አሳቢነትህ ደስ ብሎኛል።

ፋብሪካ_ወለል፦
ውል ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጠብ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች «ተሰርቷል» የሚለውን ቃል በተለያየ ትርጉም ስለሚጠቀሙበት ነው። ናሳ ያመጣው ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የቴክኖሎጂ ዝግጁነት መለኪያ አለ። ተመራማሪው 4 ላይ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሰራለት፣ «ጨርሻለሁ» ይላል። እኛ ጨርሷል ስንባል 8 እና 9 ነው የምንሰማው። በመሃል ያለውን ዳገት ማን በማን ገንዘብ እንደሚወጣው ቀድሞ ካልተጻፈ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ውጤቱን መቼ ማሳተም እንደሚቻል፣ ፓተንቱ የማን እንደሆነ፣ አሰራሩን ከየትኛው ቀን በኋላ መቀየር እንደሚከለከልም ይጻፍ። በተለይ የመጨረሻው። ናሙናው ከጸደቀ በኋላ «ትንሽ አሻሽለነው ነበር» የሚል ተመራማሪ ደም ግፊቴን ነው የሚጨምረው።

ሲሳካ እንዴት እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ የ2013ን የጀርመን ፕሬዚዳንት የፈጠራ ሽልማት ይመልከት። ቦሽ፣ ትሩምፕፍና የዬና ዩኒቨርሲቲ ናቸው አብረው የወሰዱት። የተሸለሙት አጫጭር ፐልስ ያላቸውን ሌዘሮች ለጅምላ ምርት ስላበቁ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ የቤንዚን መርጫ አፍንጫ ቀዳዳ ነበር። አንዱ ፊዚክሱን፣ አንዱ ሌዘሩን፣ አንዱ ምርቱን ያውቃል። ሦስቱም ከጅምሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

የፐልስ_ጌታ፦
ወደ ፍጥነቱ እንመለስ፣ ማንም አልመለሰላትም እኮ። ኃይል ጨምሪ ያልኩት ጥራዝ ነጠቅ ሆኖ ተሰማ መሰለኝ፤ ላብራራ። እያንዳንዱ ፐልስ የሚያነሳው ቁሳቁስ አለ። ኃይሉን አምስት እጥፍ አድርጊው፣ በሰከንድ የሚነሳው አምስት እጥፍ ይሆናል። ሂሳብ ነው።

ሙቀት_ቆጣሪ፦
ሂሳቡ እንደሱ አይደለም። ፐልሱን ብታጎለብቺው ትርፉ ቀስ በቀስ ነው የሚጨምረው። ለላይ ላይ ፍቆ ማንሳት የሚታወቅ ነገር አለ። የጨረሩ ክፍፍል ጋውሲያን ከሆነ፣ ማለትም መሃሉ ጠንክሮ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ፣ በአንድ ጁል ከፍተኛው ቁሳቁስ የሚነሳው የመሃሉ ጥንካሬ ብረቱ መነሳት ከሚጀምርበት ልክ 7.4 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ የምትጨምሪው አብዛኛው ወደ ሙቀት ይሄዳል።

የፐልሱን ቁጥር ብታበዢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሰከንድ 200 ሺህ ማለት በሁለት ፐልሶች መሃል 5 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። «ቀዝቃዛ ቁርጥ» ይሉታል እንጂ ከእያንዳንዱ ፐልስ ትንሽ ሙቀት ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ስቴንለስ ስቲል ሙቀት በማሳለፍ ከመዳብ ከ20 ጊዜ በላይ ያንሳል። የቀረው ሳይሸሽ ሌላው ይደረባል። በ50 ዋት ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ብትገቢ ያ ሁሉ የፌምቶ ሰከንድ ጸጋ ጠፍቶ እንደ ድሮው ታቀልጪያለሽ።

ጋሽ_ሌንስ፦
7.4ቱ ለላይ ላዩ ልክ ነው፤ ለጥልቅ ቀዳዳ ግን እንዳለ አይወሰድም። ቀዳዳው ሲጠልቅ ብርሃኑ በሾጠጠው ግድግዳ ላይ ይለጠጣል። ስለዚህ ታች ለመድረስ ከዚያ የበለጠ ጥንካሬ ያስፈልጋል። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ።

ልጄ፣ ማንንም ከመስማትሽ በፊት ሁለት ነገር ለኪ። አንዱ የትኩረት ነጥብሽ እውነተኛ ስፋት ነው። በተለያየ ጉልበት አንድ አንድ ፐልስ ተኩሺ። የጉድጓዶቹን ዲያሜትር ስኩዌር ከጉልበቱ ሎጋሪዝም ጋር በግራፍ አድርጊው። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ተዳፋቱ የነጥቡን ስፋት ይነግርሻል፤ መስመሩ ዜሮን የሚነካበት ደግሞ ብረቱ መነሳት የሚጀምርበትን ጉልበት። ሊዩ በ1982 ያሳየው ዘዴ ነው፤ ዛሬም እንደሱ ያለ ርካሽና ታማኝ መለኪያ የለም። ሁለተኛው፣ ከዝርጉ ስር ብርሃን የሚያይ ፎቶ ዳዮድ አስቀምጪ። ጨረሩ በትክክል በስንተኛው ሰከንድ እንደሚያልፍ እዪ። 4 ሰከንዱ የት እንደሚጠፋ ሳታውቂ ሌዘር አትግዢ።

መነጽር_ልበሱ፦
ዝርጉን ስትፈቱ ስታስሩ መነጽራችሁን አታውልቁ። 1030 ናኖ ሜትር በዓይን አይታይም፤ ዓይን ግን አሳልፎ ሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። ጭሱንም በመምጠጫ ቱቦ አስወግዱት፣ ከዚያ የሚወጣው ብናኝ ናኖ ልክ ነው፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። በጣም ጠንካራ ትኩረት ላይ ደግሞ ኤክስሬይ ሊወጣ ስለሚችል ሽፋኑን ከፍታችሁ አትስሩ። በቃ፣ ሄድኩ።

ጠርጣራው፦
ብናኙ ናኖ ነው። ይሄንንም ተቀብያለሁ።

ቀዳዳ_በቀዳዳ (ከ9 ቀን በኋላ)፦
ጠፋሁ አይደል። ስራው ላይ ነበርኩ። ከሚያሳፍረው ልጀምር።

ኳርተር ዌቭ ፕሌቷ ሌላ ቡድን መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ለዓመታት! ተውሰን አስገባናት፤ ሞላላው በዚያው ቀን ጠፋ። ጋሼ፣ አንዷን ፎቶ ለእርስዎ አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያለሁ።

ለዳሩ ዝንባሌ ሌንስ አልገዛንም። የስካነሩን መሃል 10 በ10 ሚሊ ሜትር ብቻ እንጠቀማለን፣ የቀረውን ጠረጴዛው ያንቀሳቅሳል። ጠረጴዛው ሲቆምና ሲነሳ ትንሽ ጊዜ ይበላል፤ ግን ዝንባሌው ከምንለካው በታች ሆኗል።

አሁን ወደ ሌባው። በዕጣ ቅደም ተከተል ደገምነው። መጥበቡ ከሰዓቱ ጋር ነው የሄደው። ከአምስተኛው ሰዓት በኋላ ቀዳዳዎቹ የትም ቦታ ይሁኑ ይጠባሉ። የሌዘሩን ኃይል መዝገብ አየን፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሁለት ቀን ክፍሉን፣ ማቀዝቀዣውን፣ መብራቱን ስንወቅስ ቆየን። በመጨረሻ ከኃይል መለኪያው በኋላ ምን እንዳለ ጠየቅን። ሌንሱ አለ። ከሌንሱ ስር ደግሞ መከላከያ መስታወቱ። አውጥተን በመብራት አየነው፤ ግራጫ ሆኗል። የብረት ብናኝ። የመምጠጫ ቱቦው አንገት ትንሽ ዞሮ ነበር፤ ብናኙ ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። መለኪያችን ከመስታወቱ በፊት ስላለ ምንም አላየም። ዝርጉ ላይ የሚደርሰው ኃይል ግን ወደ ንጋት በ12 በመቶ ወርዷል። አሁን በየሰዓቱ ማሽኑ ራሱ ዝርጉ ካለበት ከፍታ ላይ ይለካል።

ፍጥነቱ ሌላ ታሪክ ነው። ፎቶ ዳዮዱ እንዳሳየን ጨረሩ የሚያልፈው በ1.1 ሰከንድ ነው። የቀረው 2.9 ሰከንድ ክቡን እየዞሩ ማስተካከል ነው። ለምን ያን ያህል? የድሮ ተማሪ የጻፈው ፕሮግራም «ለማንኛውም» ብሎ 3 ሰከንድ ገደማ ያዞራል። ያ ተማሪ የሚሰራው በ1 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ ነበር። እኛ ዝም ብለን ወረስነው። ማስተካከያውን ወደ 0.5 ሰከንድ አወረድነው። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላውን እየበሳን በአራት ቀዳዳዎች መሃል እየተቀያየርን ሰራን። ሙቀት_ቆጣሪ፣ ያልከው ሙቀት እውነት ነበር፤ ስንቀያየር ጠርዙ ጠራ። በጠቅላላው 1.6 ሰከንድ ደረስን።

የፐልስ_ጌታ፦
1.6 ከ1 በታች አይደለም።

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
አይደለም። እዚህ ላይ አንተና አለቃዬ ልክ ናችሁ። ጨረሩን ለሁለት ከፍለን ሁለት ቀዳዳ በአንዴ መብሳት አለብን፤ ለዚያ ደግሞ 10 ዋት አይበቃም። 20 ዋት ያለው ሌዘር ለሙከራ በውሰት ይመጣል። ልዩነቱ አሁን ለምን እንደምንፈልገው እናውቃለን።

ፋብሪካ_ወለል፦
አዲሱን ዝርግ ላካችሁት? ሲፒኬው ስንት ወጣ?

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
እሱን ልነግራችሁ ነው። እኛ ስንለካ 1.41። እነሱ ሲለኩ 0.6። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጋሽ_ሌንስ፦
በምን ይለካሉ?

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
ልክ ይህንኑ ጠየቅኳቸው ጋሼ። እኛ የመግቢያውን ጠርዝ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው የምንለካው። እነሱ ከስር መብራት አብርተው ከላይ በካሜራ ያያሉ። በካሜራ የሚታየው የሚያልፈው ብርሃን ነው። ብርሃኑ የሚያልፈው ደግሞ በጠባቡ ቦታ ነው፤ ቀዳዳችን ወደ ታች ትንሽ ስለሚሾጥ ጠባቡ መውጫው ነው። የሁለታችን አማካይ በ1.1 ማይክሮ ሜትር ይለያያል። መበታተኑ ግን አንድ ነው።

ፋብሪካ_ወለል፦
ስዕሉ ላይ «50» ሲል የመግቢያው ነው የመውጫው?

ቀዳዳ_በቀዳዳ፦
ስዕሉ ላይ «50» ብቻ ነው የሚለው። በስልክ ስንነጋገር ሁለታችንም ሳቅን። የእነሱ መሐንዲስ ፈሳሹ የሚያውቀው ጠባቡን ነው አለ፣ ልክ ነው። ስዕሉ ተስተካክሎ «መውጫ፣ ከስር በሚበራ ብርሃን የተለካ» የሚል ተጨምሮበታል። እኛም ክቡን በዚያው ልክ አሰፋነው። ሁለታችንም የምንለካው አንድ የማመሳከሪያ ዝርግ ተዘጋጅቷል፤ በየወሩ ይመላለሳል።

ቀጣዩ ዝርግ ሰኞ ማታ ይጀምራል። መስታወቱን ዛሬ ራሴ ጠርጌዋለሁ፣ የቱቦውን አንገትም በብሎን አስሬዋለሁ።

ጠርጣራው፦
ቀዳዳውንም ተቀብያለሁ።